ማውንትስታትስ፦ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው ወይስ የኛ ማሽን?

ማውንትስታትስ የሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ መልክና ቁመና የለውም። ጥቁር መስኮት ላይ ቁጥር ይዘረግፍና ዝም ይላል። ሆኖም በኤንኤፍኤስ (የሰርቨርን ፋይሎች በኔትወርክ እንደራስ በሚያስጠቅመው ሥርዓት) የተያያዘ ዳይሬክተሪ ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው። ከኤንኤፍኤስ መገልገያዎች ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው መግዛትም ማውረድም የለም።

ሥራው የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ፕሮክ በሚባለው ዳይሬክተሪ ስር የሚመዘግበውን ቁጥር ሰው በሚያነበው መልክ ማቅረብ ነው። ለእያንዳንዱ ማውንት (ከሰርቨር ለተያያዘ ዳይሬክተሪ)፣ በጥያቄ ዓይነት ከፍሎ ያሳያል። ስም ሲፈለግ ሉክአፕ፣ የፋይል መረጃ ሲጠየቅ ጌትአትር፣ ዳይሬክተሪ ከነዝርዝሩ ሲነበብ ሪድዳይርፕላስ።

በጣም የወደድኩለት ጊዜውን ለሁለት ከፍሎ መስጠቱን ነው። አንዱ ጥያቄው ከማሽኑ ወጥቶ መልስ እስኪመጣ ያለው ነው። ሌላው ወረፋውንም ጨምሮ ጠቅላላው ነው። የመጀመሪያው ከረዘመ ኔትወርኩን ወይም ሰርቨሩን ጠርጥሩ። እሱ አጭር ሆኖ ጠቅላላው ከረዘመ ግን ጥያቄው የተጉላላው እዚሁ እኛው ማሽን ላይ ነው። የሰርቨርና የኔትወርክ ሰዎች ጣት ሲቀሳሰሩ ይህን ማሳየት ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

በቅርቡ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ማሽን ፋይል ይጽፋል፣ ሌላው ያንኑ ፋይል ይጠብቃል። ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ የሚጠብቀው ማሽን ግን «የለም» ይላል። የፋይል መረጃ በሚያሳየው በስታት ትእዛዝ ደጋግሜ ጠየቅኩ። የሉክአፕ ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ማለትም ሰርቨሩን የጠየቀው የለም፤ «የለም» የሚለው መልስ ከማሽኑ ከራሱ ካሽ (ለጊዜው ካስቀመጠው መልስ) ነው የሚመጣው። ክላየንቱ (ጠያቂው ማሽን) ያጣውንም ስም ያስታውሳል፤ የዳይሬክተሪ መረጃ ደግሞ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ቢያንስ 30፣ ቢበዛ 60 ሰከንድ ካሽ ውስጥ ይቆያል። ማውንቱ ላይ ሉክአፕካሽ የሚባለውን አማራጭ «ፖዘቲቭ» አደረግኩት፣ ተፈታ። «የለም» የሚለውን መልስ ሁልጊዜ ከሰርቨሩ ያረጋግጣል፣ ያገኘውን ግን ካሽ ያደርጋል። «ነን» የሚለውም አማራጭ አለ፤ እሱ ግን ሁሉንም እያረጋገጠ ሰርቨሩን በጥያቄ ያጨናንቃል። ካልቸገራችሁ አትንኩት።

ፋይል የሚዘረዝረው ኤልኤስ ትእዛዝ ሲንቀራፈፍም ይጠቅማል። ስም ብቻ ሲዘረዝር ፈጣን ሆኖ ዝርዝሩ ሲረዝም ከተንፏቀቀ፣ የጌትአትርን ቁጥር እዩ። ለስሞቹ ቀለም የሚሰጠው ቅንብርም የእያንዳንዱን ፋይል መረጃ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን አይጠረጥርም።

ቅሬታ አለኝ። ቁጥሮቹ ማውንት ከተደረገበት ሰዓት ጀምሮ የተጠራቀሙ ናቸው። ለወራት የቆየ ማውንት ላይ የዛሬው ችግር አማካዩ ውስጥ ይሰምጣል። የቀድሞውን ቁጥር ፋይል ላይ አስቀምጦ «ሲንስ» በሚለው አማራጭ ልዩነቱን ማውጣት ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ላይ ማን ያስቀምጣል? ሌላው፣ የትኛው ዳይሬክተሪ ወይም የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ አይናገርም። ለዚያ የፕሮግራምን ጥሪዎች ወደሚከታተለው ኤስትሬስ መሄድ፣ ወይም ኤንኤፍኤስ የሚጠቀምበትን የ2049 ፖርት ትራፊክ በቲሲፒዳምፕ (የኔትወርክ ትራፊክ መቅጃ) መያዝ ግድ ነው። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆናችሁ «ፈቃድ የለህም» ከተባላችሁም ከዚህ መሣሪያ መልስ አትጠብቁ፤ ሰርቨሩ ላይ ሩት ስኳሽ (የሩትን ሥልጣን የሚነፍግ ቅንብር) መኖሩን እዩ።

ለጀማሪ አልመክረውም፣ የቁጥሩ ብዛት ያስደነግጣል። ለሱ ኤንኤፍኤስአይኦስታት ይሻለዋል፤ በየስንት ሰከንዱ እንደሚያድስ ከተነገረው እያደሰ ያሳያል። ኤንኤፍኤስ የዕለት እንጀራው ለሆነ ሰው ግን ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩበት ለዚያ ለተጠራቀመ ቁጥር ነው።