ከኢትዮጵያ የመጣ ካርካኖ ጠመንጃ፦ የጀማሪ ሰብሳቢ የወራት ግምገማ

የቆዩ የጦር መሣሪያዎችን መሰብሰብ ስጀምር በቅድሚያ የገዛሁት ሞዴል 1891 የሚባለውን የጣሊያን ካርካኖ ጠመንጃ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአሜሪካ አስመጪ ድርጅት በኢትዮጵያ ተከማችተው የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎችን ገዝቶ ወደዚህ አገር ማስገባት ስለጀመረ፣ እኔም ቨርጂኒያ ተቀምጬ ከአገር ቤት የወጣ መሣሪያ ከ300 ዶላር ባነሰ ዋጋ ለማግኘት በቃሁ። ጠመንጃው እጄ ከገባ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ ለኢላማ ተኩስ ያለው ዋጋ መካከለኛ፣ እንደ ታሪክ ሰነድ ያለው ዋጋ ግን ከከፈልሁት በእጅጉ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከጠመንጃው የሚቀድመው የሰብሳቢ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ ሲሆን፣ ለሦስት ዓመት የሚከፈለው 30 ዶላር ነው። ባለፈቃዱ ከተሠሩ 50 ዓመት የሞላቸውንና የቀድሞ ይዘታቸው ያልተለወጠ መሣሪያዎችን ከሌላ ግዛት ጭምር ገዝቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ ማስላክ ይችላል፤ በአንጻሩ እያንዳንዱን ግዢ እስከ ቀጣዩ የሥራ ቀን ማብቂያ ድረስ በመዝገብ የማስፈር ግዴታ አለበት፣ በፈቃዱም መነገድ አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መያዝ ራሱ የተከለከለ ስለሆነ ነገሩን ባያስበው ይሻለዋል። የግዛቶች ሕግም ከፌዴራሉ ሊጠብቅ ስለሚችል የሚኖሩበትን ግዛት ሕግ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሆነ እዚህ የምለው ሁሉ እዚያ አይሠራም።

ጠመንጃው ሲደርሰኝ የደረቀ ቅባትና አቧራ ተጋግሮበት ነበር። ላምባ ባስነከርሁት ጨርቅ እየደጋገምሁ ስጠርገው፣ አፈሙዙ ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት በኩል የቴርኒ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስምና 1917 የሚለው ዓመት ብቅ አለ። የሰደፉ አንገት ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል፤ ጠፍሩ እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ከተሰፋ በኋላ ሲደርቅ እንጨቱን አንቆ ስለያዘው፣ ዛሬም በሁለት እጅ ቢጠመዘዝ ንቅንቅ አይልም። ከጠፍሩ በታች በጥቃቅን ምስማር የተመታ የናስ ቁራጭ፣ በናሱ ጎን ደግሞ በቢላ የተቀረጸ የግዕዝ ቁጥር አለ። ይህን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰነድ የለም፤ እጁ ግን የሠለጠነ እንደነበር ስፌቱ ይመሰክራል።

እንዲህ ያለ ጠመንጃ የገዙ ብዙ ጀማሪዎች እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ቫርኒሽ ይቀቡታል፣ የታሰረውንም ፈትተው በሙጫ ያጣብቁታል። ይህ መሣሪያውን ማደስ ሳይሆን ማጥፋት ነው እላለሁ። የጣሊያኑ ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ በብዛት አምርቷል፤ ያ ጠፍር ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ያደረግሁት ቢኖር ቆሻሻውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት፣ ብረቱን በዘይት ማበስና ጠፍሩን ዘይት እንዳይነካው መጠበቅ ብቻ ነው። አስመጪው በሕግ ግዴታው መሠረት በብረቱ ላይ ያስቀረጸውን የራሱን ምልክትም ሰብሳቢዎች ዋጋ ይቀንሳል እያሉ ይጠሉታል፤ ለእኔ ግን ጠመንጃው ከየትኛው ጭነት እንደመጣ የሚያሳይ ምስክር ስለሆነ ቢጠፋ ቅር ይለኝ ነበር።

ቤቴ የሚመጡ እንግዶች፣ በተለይ አባቶች፣ ጠመንጃውን ሲያዩ “የአድዋ ነው” ይላሉ። በ1888 ዓ.ም. የዘመተው የጣሊያን ጦር በአብዛኛው ታጥቆ የነበረው ቬተርሊ የተባለውን የቀድሞውን ጠመንጃ ከመሆኑም ሌላ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. የተሠራ አፈሙዝ አድዋ ላይ ሊገኝ አይችልም። ወደ አገራችን የመግባቱ ዕድል የሚሰፋው በ1928ቱ ወረራና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ነው፤ ይህም ቢሆን ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሻጮች ይህን የእኛን ስሜት ስለሚያውቁ፣ የሚገዛ ሰው ከሚነገረው ታሪክ ይልቅ ብረቱ ላይ የተመታውን ዓመትና የፋብሪካ ስም ቢያምን ይሻለዋል።

ተኩሱን በተመለከተ፣ ጥይት ከማጉረሴ በፊት ጠመንጃውን ለባለሙያ አስመርምሬዋለሁ፤ የተሰነጠቀ ሰደፍ ያለው መሣሪያ ያለ ምርመራ መተኮስ የለበትም። ጥይቱ 6.5 በ52 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የካርካኖ አፈሙዝ የውስጥ ስፋት ከሌሎች 6.5 ጠመንጃዎች ጥቂት ስለሚበልጥ 0.268 ኢንች ውፍረት ያለው የጥይት እርሳስ ይፈልጋል፤ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ግን 0.264 ኢንች ነው፤ ተኩሱ ኢላማው ላይ የመበታተኑ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ማነጣጠሪያውም ለጦር ሜዳ ርቀት የተሠራ በመሆኑ፣ በ100 ሜትር ላይ ዝቅተኛው ልክ እንኳ ከኢላማው በላይ ይመታል። መቀርቀሪያው ግን ቀላልና ታማኝ ነው። ስድስት ጥይት የሚይዘው የብረት ማቀፊያ ከጥይቶቹ ጋር አብሮ ይገባና፣ የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ በሥር ባለው ቀዳዳ ወድቆ ይወጣል። አሮጌ ጥይት የሚተኩስ ሰው በባሩድ ማቀጣጠያው ውስጥ ያለው ኬሚካል እርጥበት የሚስብ ጨው ትቶ ስለሚያልፍ፣ አፈሙዙን በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ ዘይት መቀባት ይኖርበታል። እኔ የምጠቀመው አዲስ ጥይት ብቻ ነው።

ማስቀመጫው ከጠመንጃው በላይ አስወጥቶኛል። ልጆች ባሉበት ቤት የሚቆለፍ የብረት ሣጥን የግድ ነው፤ ጥይቱም በሌላ ቁልፍ ለብቻው ይቀመጣል። የቨርጂኒያ በጋ ወበቅ ስለሆነ በሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አኑሬ በየጊዜው እለውጣለሁ። ከቆዳ ወይም ከሸራ በተሠራ ማኅደር ውስጥ ለረጅም ጊዜ መተው ግን እርጥበት ስለሚያምቅ ብረቱን ያዝገዋል።

ኢላማ በማስተካከል የሚደሰት ሰው ለዚህ ገንዘብ የተሻለ መሣሪያ ያገኛል። የአገሩን ያለፈ ዘመን በእጁ ዳስሶ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ግን ይህን ጠመንጃ ያለ ማመንታት ይግዛ፤ ሲገዛም የብረት ማቀፊያዎቹን አብሮ ይዘዝ፣ ምክንያቱም ከጠመንጃው ጋር እምብዛም አይመጡም፤ ያለ እነርሱ ደግሞ አንድ በአንድ እያጎረሱ መተኮስ አድካሚ ነው። የእኔ ቀጣይ ግዢ ቬተርሊ ይሆናል፤ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራ ከሆነ በፌዴራሉ ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር የሰብሳቢ ፈቃድ እንኳ አይጠይቅም።