የራሴን ንብረት ለመለሰልኝ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋና

ሦስት ወር ሙሉ ከኮምፒውተሬ ስክሪን በስተቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ እየጠፋ እየተመለሰ የከረመው «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ (ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ዊንዶውስ፣ ፈቃዱ አልተረጋገጠም ማለት ነው) ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ጠፋ። ያጠፋልኝ አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሁለት ሰው እንኳ በቅጡ በማታስቀምጥ ጠባብ ክፍል የሚሠራ ወጣት ባለሙያ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬው ብወጣም አልበቃኝምና ይህን ምስጋና በአደባባይ ልጽፍ ወደድሁ።

መምህር ነበርሁ። በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶችን፣ የትምህርት ማስረጃዎችንና ውሎችን እየተረጎምሁ እኖራለሁ። ሥራውን ስጀምር ሜሪላንድ የምትኖረው ልጄ ለእረፍት መጥታ ስለነበር፣ «አባባ፣ ማኅተም የምታሳርፍበትን ሥራ በተሰረቀ ነገር አትሠራም» ብላ የዊንዶውስ 10 ፈቃድ በራሷ ገንዘብ ገዝታ ጫነችልኝ። በስሜ ኢሜይል ከፈተችልኝ፤ ምን ከምን ጋር እንዳያያዘች ግን ያን ጊዜም አልገባኝም፤ ዛሬም በደንብ ገብቶኛል ማለት አልችልም።

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ላይ መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ ከኮምፒውተሩ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የወሰድሁበት ሱቅ ማዘርቦርዱ (የውስጥ ክፍሎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ዋናው ሰሌዳ) መቃጠሉን ነግሮኝ በሌላ ቀየረልኝ፤ ኮምፒውተሩም ተነሣ። ያ ጽሑፍ ብቅ ያለው ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው። ብጠይቃቸው «ምንም አይደለም፣ ሥራ አይከለክልዎትም» አሉኝ። እውነት ነው፣ መጻፍ አልከለከለኝም። ነገር ግን ደንበኞቼ አጠገቤ ተቀምጠው የራሳቸውን ሰነድ ሲያነቡ ዓይናቸው ጥጉ ላይ ያርፋል። የዚህ ትርጉም ትክክለኛነት የተረጋገጠ ነው ብሎ የሚፈርም ሰው ሐሰተኛ ዕቃ ይዞ የተቀመጠ ሲመስል ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

ሁለተኛው ሱቅ ያደረሰብኝን ሳስበው አሁንም ያመኛል። «ፎርማት ተደርጎ ክራክ ይደረግ» አሉኝ፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ተደምስሶ ያለ ፈቃድ የሚያስከፍት ሕገወጥ ፕሮግራም ይጫንበት ማለታቸው ኖሯል፤ እኔም የሚሉት ቃል ያኔ ስላልገባኝ «የምታውቁትን አድርጉ» አልሁ። ዴስክቶፑ ላይ ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀኝም። አርባ ገጽ ደርሶ የነበረ የአንድ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ትርጉም እዚያው ጠፋ፤ ደንበኛዬን ይቅርታ ጠይቄ ሌሊት እየተነሣሁ እንደገና ሠራሁት። ክራክ የተባለው ነገር እንዲሠራ ደግሞ የቫይረስ መከላከያውን አጥፍተውት ኖሯል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጽሑፉ ተመልሶ መጣ፤ በዚያ ላይ ሰው ፍላሽ በሰካ ቁጥር በፍላሹ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም ምልክት ብቻ) ሆነው ይቀሩ ጀመር። አንዲት ወጣት የትምህርት ማስረጃዋን ካስተረጎመች በኋላ ፍላሿን ይዛ እያለቀሰች ተመለሰች። ያን ቀን ሥራውን ልተወው ሁሉ አስቤ ነበር።

ሌላው ሱቅ ደግሞ «ኦርጅናል የዊንዶውስ ፈቃድ ቁልፍ ነው» ብሎ 25 ፊደልና ቁጥር የታተመበት ወረቀት ሸጠልኝ። ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ተመልሼ ስሄድ «እኛን አይመለከትም» ተባልሁ።

ወደዚህ ወጣት የላከኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ አንዲት ሴት ቀድማኝ ተቀምጣ ነበር። የእርሷ ፈቃድ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣ በመሆኑ ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር የተያያዘ እንደሆነና በሌላ ማዘርቦርድ ላይ ሊመልስላት እንደማይችል በትሕትና አስረዳት፤ አንድ ብርም ሳይቀበላት ሸኛት። የማይችለውን አልችልም የሚል ሠራተኛ ካየሁ ቆይቼ ስለነበር ገና ተራዬ ሳይደርስ ልቤ አረፈ።

እኔንም ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ይህ ዊንዶውስ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነው ወይስ ለብቻው የተገዛ?» ከዚያ በፊት በሄድሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልጄ ለብቻው እንደገዛችልኝና ኢሜይል እንደከፈተችልኝ ስነግረው ፊቱ በራ። የዊንዶውስ ሠሪው ማይክሮሶፍት ኮምፒውተሩን የሚያውቀው በዋናነት በማዘርቦርዱ መሆኑን፣ ማዘርቦርዱ ሲቀየር እንደ ሌላ ኮምፒውተር እንደሚቆጥረው፣ ለብቻው የተገዛ ፈቃድ ግን ከሰውየው የማይክሮሶፍት አካውንት (በኢሜይሉ ከተከፈተው መለያ) ጋር ከተያያዘ ወደ ተቀየረው ዕቃ ሊዛወር እንደሚችል እኔ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳኝ። ቀጥሎ ያለኝን እስካሁን አልረሳሁትም፤ «ጋሼ፣ ይህ የራስዎ ንብረት ነው። ሁለተኛ አይገዙትም።»

ችግሩ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ረስቼው ነበር፤ ማረጋገጫ ቁጥሩ ደግሞ የሚላከው ወደ ልጄ ስልክ ነው። እርሷ ዘንድ ገና ከንጋቱ በፊት ነበር። ልደውልላት ስልኩን ሳነሣ እጄን ያዝ አድርጎ «ለዚህ ብለን ከእንቅልፏ አናንቃት፤ እስክትነሣ እጠብቃለሁ» አለኝ። ይህን ያለኝ የማያውቀኝ ሰው ነው። ሻይ አዘዘልኝ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያን ክራክና ያመጣውን ቫይረስ ሲያጸዳ፣ የቫይረስ መከላከያውን ሲመልስ፣ የደንበኞቼን ፍላሾች አንድ በአንድ ሲፈትሽ ቆየ። ሾርትከት ሆነው የቀሩት ፎልደሮችም አልጠፉም ኖሯል፤ ተደብቀው ነበርና አወጣቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄ ደወለች። ቁጥሩን ነገረችን። አዲሱን የይለፍ ቃል ስጽፍ ወጣቱ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ሳልጠይቀው። ከዚያም ፈቃዱ ወደሚረጋገጥበት የአክቲቬሽን ገጽ ገብቶ በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ የሚለውን ሲመርጥ በአካውንቱ የሚታወቁ ኮምፒውተሮች ተዘርዝረው ወጡ። አንዱ ሱቁ ፎርማት ሲያደርገው የወጣለት ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ሁለተኛው «አባባ» ይላል። ልጄ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን በዚህ ስም ሰይማው እንደነበር አላውቅም ነበር። በስልኩ ውስጥ «አገኛችሁት?» ስትል መልስ ለመስጠት ድምፄ እምቢ አለኝ፤ ወጣቱ ነው «አዎ፣ አግኝተነዋል» ብሎ የመለሰላት። ጥቂት ቆይቶ ያ ጽሑፍ ከጥጉ ጠፋ።

ሒሳብ ስጠይቀው 400 ብር አለኝ። ጨምሬ ብሰጠው አልቀበልም አለ። «ፈቃዱ የእርስዎ ነው፤ እሱን ላስከፍልዎ አልችልም። የከፈሉኝ ለጽዳቱ ነው» አለኝ። በየሱቁ ያፈሰስሁትን ገንዘብና ያጠፋሁትን ቀን ሳስበው ይህ ንግግሩ እንባዬን አመጣው።

ስወጣ በወረቀት ጽፎ የሰጠኝን ለእናንተም ላካፍል፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይጎዳልና። ማዘርቦርድ ከማስቀየራችሁ በፊት፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራ ከሆነ፣ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ግቡና ፈቃዱ ከአካውንቱ ጋር መያያዙን በአክቲቬሽን ገጹ ላይ ተመልከቱ። የግዥውን ደረሰኝ አትጣሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር እንደሚሻልና ኮምፒውተሩ መስፈርቱን ካሟላ ለዚህ አዲስ ፈቃድ መግዛት እንደማያስፈልግም ነግሮኛል፤ እኔም በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እርሱው ይዤው እሄዳለሁ።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ቃሌን እጠብቃለሁ። የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ለእያንዳንዳችሁ እሰጣለሁ። እባካችሁ ኮምፒውተራችሁን ለማያውቅ ሰው ሰጥታችሁ ሥራችሁን አታጥፉ፤ ወደ እርሱ ውሰዱት። ስትሄዱ ኢሜይላችሁንና ማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበትን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልኩ ያለው ውጭ አገር ካለ ዘመድ ዘንድ ከሆነም አትጨነቁ፤ እስኪነጋለት ይጠብቃችኋል።