ሚኖክሲዲል 5 በመቶ ለጺም፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ጺሙ ያማረበትን ወንድ «ሪዛም» ብለን እናደንቃለን። ጉንጩ ያልሞላለት የ22 ዓመት ወጣት ደግሞ ሥራ ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ እየኖረም «ገና ልጅ ነህ» መባሉ አይቀርለትም። ብዙዎች ይህችን 60 ሚሊ ሊትር የሚኖክሲዲል ብልቃጥ የሚገዙት ከዚህ አነጋገር ለመዳን ነው። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው።

ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር። የወሰዱት ሰዎች ሰውነት ላይ ጸጉር ሲበዛ ስለታየ የሚቀባው ተሠራ፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1988 ለመላጣ ፈቀደችው። ለጺም የተሰጠ ፈቃድ ግን የለም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የታይላንድ ጥናት 48 ወንዶችን ለ16 ሳምንታት ተከታትሎ፣ 3 በመቶ ሚኖክሲዲል ያለበትን ፈሳሽ የተቀቡት መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ ከተቀቡት የተሻለ ጺም እንዳወጡ አሳይቷል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ፊት ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። በመጠባጠቢያው 1 ሚሊ ሊትር ተለክቶ ግማሹ ለቀኝ፣ ግማሹ ለግራ ጉንጭ ይሆናል፤ በጣት ጫፍ ይዳረስና እጅ ወዲያው በሳሙና ይታጠባል። ጠዋትና ማታ ነው። አራት ሰዓት ያህል ፊት ላይ ይቆይ፤ ከዚያ ታጥቦ ማለስለሻ መቀባት ይቻላል። የማታውን ከመኝታ ሁለት ሰዓት ቀደም አድርጉት፤ አለዚያ ትራሱ ይጠጣዋል። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ጺሙን አያፈጥንም፤ ወደ ደም የሚገባውን ግን ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚያቆመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው፤ ያለችውም ጺም ስትረግፍ ይደነግጣል። መድኃኒቱ ዕረፍት ላይ ያለውን ጸጉር ገፍቶ ለአዲሱ ቦታ ስለሚያስለቅቅ ነው የምትረግፈው። ቀጥሎ የሚበቅለው ስስና ፈዛዛ ነው፤ ወፍሮ እስኪጠቁር ወራት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ብልቃጥ ብቻ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በቀን 2 ሚሊ ሊትር ሲሰላ አንዱ የሚበቃው ለ30 ቀን ነው፤ ከአራት ብልቃጥ በታች አትጀምሩ።

ቆዳው ከተቃጠለ፣ ካሳከከና ከተላጠ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ማሟሟያ ነው። ይህ የሌለበት የአረፋው ዓይነት አለ፤ ወደዚያ መዞር ይሻላል። ምላጭ ያደማው ወይም ቡግር የፈነዳበት ቦታ እስኪድን አይቀባም። ልብ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ራስ ካዞረ፣ ፊት ወይም እግር ካበጠ ያን ቀን አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የልብ ሕመም ያለበት ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ስትገዙ የካርቶኑና የብልቃጡ የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን አስተያዩ፤ ክዳኑ የተከፈተ፣ ፈሳሹም የደፈረሰ ከሆነ መልሱት።

ደግሞ ዕድሜን አስቡ። የብዙ ወንድ ጉንጭ ያለ ምንም መድኃኒት እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ድረስ እየሞላ ይሄዳል፤ የ19 ዓመት ልጅ ይህን ቢቀባ በራሱ ሊመጣ ለነበረ ጺም ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ፊታችሁ ሳይደርቅ ጉንጩን አትሳሙ። ድመት ካለች የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ጥቂት ጠብታ ብትልስ እንኳ ሊገድላት ይችላል።