የአባዬን ድምፅ ላተረፈልኝ ባለሙያ

«ላፕቶፕሽ ምን ሆነ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ለሰነበታችሁ ሁሉ፦ የአባዬ ድምፅ ተገኝቷል!

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድሬዳዋ ባቡር ጋራዥ በመካኒክነት ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። ከማረፉ በፊት በነበረው ክረምት ሕይወቱን እንዲያጫውተኝ ለምኜው 11 ጊዜ በስልኬ ቀድቼዋለሁ፤ ስለ ጋራዡ፣ ስለ ከዚራ ሰፈር፣ እማዬን መጀመሪያ ስላየበት ቀን። ስልኬ ሲሞላብኝ ሁሉንም ላፕቶፑ ላይ አስቀመጥኩና ከስልኬ አጠፋሁት። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ባትሪው ስለሞተ በመብራት ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ነው፤ አንድ ማታ መብራቱ እየሄደ እየመጣ ሲያስቸግር ቆይቶ፣ በነጋታው ዊንዶውሱ አልነሳ አለ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት «ሃርድ ዲስኩ ችግር አለበት፣ ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ እንጫንልሽ» አሉኝ። እሺ ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ። የሥራ ባልደረባዬ ናት መገናኛ ወደሚሠራ አንድ ልጅ የላከችኝ።

ልጁ ላፕቶፑን እንኳ አላበራውም። «እህቴ፣ ከተበላሸ በኋላ ስንት ጊዜ ለማስነሳት ሞከርሽ?» ብሎ ነው የጀመረው። የታመመ ዲስክ በበራ ቁጥር ሊብስበት ይችላል፤ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ደግሞ በአሮጌው ፋይል ላይ ይጻፍበታል፣ አንዴ የተጻፈበት ቦታ አይመለስም። «ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው እኔ አልነካውም» አለኝ፤ ያ ምልክት ብዙ ጊዜ የዲስኩ አንባቢ ተጎድቷል ማለት ስለሆነ፣ ለመክፈት አቧራ የማይገባበት ክፍል ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የለውም። ይህን በግልጽ መናገሩ ነው እንዳምነው ያደረገኝ።

የእኔው ደግነቱ እንደዚያ አልነበረም። ዲስኩን ፈቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ፋይሎቹን ከዚያው ላይ ከመልቀም ይልቅ ሙሉ ዲስኩን ወደ ጤነኛ ዲስክ ገለበጠው። በዊንዶውስ ፈንታ በሚጫነው ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ዲዲሬስኪዩ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ደህና ደህናውን ቀድሞ ያነብና የተበላሸውን ዘሎ፣ በኋላ ተመልሶ ይሞክረዋል። ፍለጋው የተደረገው በግልባጩ ላይ ነው። መብራት ቢሄድ እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ 4 ቀን ጠበቀው።

በአራተኛው ቀን ደወለልኝ። አንዱንም ፋይል አልከፈተም። «የቤተሰብ ነገር ነው፣ ራስሽ ክፈቺው፤ ሳታዳምጪ ሒሳብ እንዳትከፍዪ» አለኝና ወንበሩን ለቀቀልኝ። 10 ቅጂ ሙሉ ነው። አስራ አንደኛው መጨረሻው ላይ ይቆራረጣል፤ እሱንም ሳልጠይቀው አስቀድሞ ነግሮኛል። አባዬ ጉሮሮውን ጠርጎ «እሺ ልጄ፣ ከየት ልጀምርልሽ?» ሲል ስሰማ እዚያው አለቀስኩ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! እማዬም መርቃሃለች።

ዲስክ የተበላሸበት ሰው ካለ እባካችሁ ኮምፒውተሩን አጥፉትና ምንም ሳትጭኑበት መጀመሪያ ለእሱ አሳዩት። ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።