አራት ኪሎ፣ ሜክሲኮ፣ ኪጋሊ ወይስ ኢንተርኔት፦ በኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ማስተርስ ለመማር ላሰቡ የቀረበ ንጽጽር

በአማርኛ ቀመር ሳይንስ በሚባለው በኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስብ የአዲስ አበባ ነዋሪ በአብዛኛው አራት አማራጮችን ያመዛዝናል። አንደኛው አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮና ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ኮሌጅ መማር ነው፤ ሁለተኛው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ወይም በግል ተቋም ኮምፒውተር ሳይንስ መማር፣ ሦስተኛው ኤይምስ በሚል አጭር ስሙ በሚታወቀው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ኪጋሊ ወይም ወደ ኬፕ ታውን መሄድ፣ አራተኛው ደግሞ ከሥራ ገበታ ሳይለዩ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት መማር ነው። አራቱም ማስተርስ ያሰጣሉ፤ የሚጠይቁት ገንዘብ፣ ጊዜና የሒሳብ መሠረት ግን እጅግ ይለያያል። እኔ ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት ተማሪው ሊያሰላው የሚፈልገው ጉዳይና ያንን ጉዳይ የሚያውቅ አማካሪ የሚገኝበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ንጽጽሩም በዚህ መለኪያ ላይ የቆመ ነው።

ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት ትምህርቶች

ኮምፒውተር ሳይንስ ራሱን ኮምፒውተሩንና ሶፍትዌሩን ያጠናል፤ አልጎሪዝም፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዋና ዋና ትምህርቶቹ ናቸው። ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ግን ኮምፒውተርን እንደ ቤተ ሙከራ ይጠቀማል፤ የወንዝ ፍሰት፣ የአየር ጠባይ፣ የበሽታ ስርጭት ወይም የአንድ ቁስ ውስጣዊ አሠራር በእኩልታ ይጻፋል፣ በወረቀት ላይ ሊፈታ የማይችለው እኩልታ ወደ ቁጥር ስሌት ይለወጣል፣ ከዚያም በፓይተን፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ዛሬም ከአገልግሎት ባልወጣው ፎርትራን በመሳሰለ የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ በማሽን ይሰላል። ስለዚህ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲፈረንሺያል እኩልታ፣ ኒውሜሪካል አናሊሲስና ስታቲስቲክስ የማያስደስቱት ሰው ትምህርቱ ይከብደዋል፤ ፕሮግራም መጻፍ የሚችል መሆኑ ብቻ አያድነውም።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ጫፉ የጋለ የብረት ዘንግ ሙቀቱ እንዴት እንደሚሰራጭ ለማስላት ዘንጉን በትናንሽ ክፍሎች፣ ጊዜውንም በትናንሽ እርምጃዎች መከፋፈል ያስፈልጋል። በቀላሉና መጀመሪያ በሚማሩት የስሌት ዘዴ የጊዜው እርምጃ ገደብ አለው፤ ገደቡም የክፍሉ ርዝመት ካሬ ለብረቱ የሙቀት ስርጭት መጠን እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ከዚያ ያለፈ ሰው 20 ዲግሪ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ዙሩ እየተደጋገመ ሲሄድ ሚሊዮኖችን፣ ቀጥሎም በአሉታዊና በአዎንታዊ ምልክት የሚፈራረቁ ትርጉም አልባ ቁጥሮችን ያገኛል፤ ፕሮግራሙ ግን እስከ መጨረሻው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይሠራል። መልሱን ለማጥራት ብሎ ክፍሉን በግማሽ ያሳነሰ ተማሪ ደግሞ የጊዜውን እርምጃ ወደ ሩብ ማውረድ ስላለበት ጠቅላላው ሥራ 8 እጥፍ ይሆናል። ይህን ሲያነብ "ገደቡ ከየት መጣ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለኮምፒውቴሽናል ሳይንስ የተመቸ ነው። የሞባይል ባንክ መተግበሪያ መሥራት፣ የድርጅት ሲስተም ማስተዳደር ወይም በሶፍትዌር ኩባንያ ማደግ የሚፈልግ ሰው ግን ያለ ጥርጥር ኮምፒውተር ሳይንስን ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግን ይምረጥ፤ በዚህ ጉዳይ ማመንታት የሁለት ዓመት ድካምን ያስከትላል።

አራት ኪሎ

የአራት ኪሎ ግቢ ትልቁ ሀብት ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በአንድ አጥር ውስጥ መገኘታቸው ነው። የኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ተማሪ የሚያሰላው ጉዳይ ከሌላ የሳይንስ ዘርፍ ስለሚመጣ፣ የፊዚክስ አማካሪና የሒሳብ አማካሪ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። በፊዚክሱ በኩል የቁሶችን ባሕርይ ከኤሌክትሮን ደረጃ ጀምሮ የሚያሰላው ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው ሶፍትዌር ነጻ ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅበትም። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙትና ጣሊያን ትሪየስተ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ደግሞ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ወጣት ተመራማሪዎች አጫጭር ሥልጠናዎችን ሲሰጥ ኖሯል። አማካሪው ከእንዲህ ያለ ማዕከል ጋር ግንኙነት ካለው ተማሪው ከዲግሪው በላይ የሆነ በር ይከፈትለታል።

ችግሩ ማሽንና መብራት ነው። ከባድ ስሌት ቀንና ሌሊት ሊሠራ ይችላል፤ በሦስተኛው ሌሊት መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ውጤት ሁሉ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ተማሪዎች ስሌቱ የደረሰበትን ደረጃ በየሰዓቱ ፋይል ላይ እንዲያስቀምጥና ከዚያው እንዲቀጥል አድርገው ይጽፉታል፤ ይህን ቼክፖይንት ይሉታል። አመልካቹ ከመመዝገቡ በፊት የማስተርስ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ሰርቨር መኖሩን፣ ጄነሬተር ወይም ዩፒኤስ የተገጠመለት መሆኑን፣ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት መግባት ይቻል እንደሆነ ግቢው ድረስ ሄዶ ቢጠይቅ መልካም ነው። መልሱን ከቢሮ ሠራተኛ ይልቅ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ በትክክል ይነግረዋል።

ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በተለምዶ ጋት የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተማረ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ የነገረን ክፍያ ለዛሬ መነሻ ማድረግ አይገባም። የዘንድሮውን የክሬዲት ዋጋ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ክፍያውንና የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም መኖሩን ከሬጅስትራሩ በጽሑፍ መቀበል ይሻላል። ፒያሳ፣ ካዛንቺስ ወይም ስታዲየም አካባቢ ለሚሠራ ሰው ከሥራ በኋላ አራት ኪሎ መድረስ አይከብድም፤ ይህም በሳምንት ብዙ ሰዓት ያተርፍለታል።

ጥቂት ወደ ላይ ሲወጡ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ባለበት በአምስት ኪሎ፣ ቀድሞ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው የዩኒቨርሲቲው የምሕንድስና ኮሌጅ ይገኛል። የሲቪል፣ የሜካኒካል ወይም የኤሌክትሪካል ምሩቅ ሆኖ የሕንጻ ጥንካሬን ወይም የፈሳሽ ፍሰትን ማስላት የሚፈልግ ሰው በራሱ የምሕንድስና ዘርፍ እዚያ ቢቀጥል ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ቤት ደግሞ የአማርኛንና የሌሎች ቋንቋዎቻችንን ጽሑፍና ንግግር በኮምፒውተር በማቀነባበር ላይ ረጅም የጥናት ልምድ አለው፤ ቋንቋ የሚስበው አመልካች ሊያልፈው አይገባም።

የግል ተቋማት

ሂልኮ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንስ ኮሌጅና ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ያስተምራሉ። የግል ተቋማት ጥቅም ለሠራተኛ የተመቸ ሰዓታቸውና የተወሰነ የትምህርት ካላንደራቸው ነው። የቁጥር ስሌትን በጥልቀት ለመማር የሚሻ ሰው ግን የሥርዓተ ትምህርቱን ዝርዝር ተቀብሎ ኒውሜሪካል ሜተድ፣ ኦፕቲማይዜሽንና ፓራለል ኮምፒውቲንግ መኖራቸውን ያረጋግጥ፤ ከሌሉ የሚገዛው ሌላ ትምህርት ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ ስላልሆነ፣ ለዚያው ፕሮግራም፣ ለዚያው የትምህርት ደረጃና ለዚያው ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን ማየት የግድ ነው።

ኤይምስ

ገንዘብ ለሌለው፣ ሒሳቡ ግን ለጠነከረ ወጣት ከአራቱ ሁሉ የተሻለው ይህ ነው ስል አላመነታም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ተመሠረተ፤ በኋላም ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ ውስጥ ማዕከሎችን ከፈተ። የማስተርስ ትምህርቱ አንድ ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ ሙሉ ዕድል ያገኘ ተማሪ የትምህርት፣ የመኖሪያና የምግብ ወጪው ይሸፈንለታል። አሠራሩ ከኛ ዩኒቨርሲቲዎች የተለየ ነው፦ መምህራን ከተለያዩ አገሮች እየመጡ እያንዳንዱን ኮርስ ለሦስት ሳምንት ያህል ያስተምራሉ፣ ተማሪዎቹና መምህራኑ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፣ ይመገባሉ፣ ማታም ጥያቄያቸውን ይዘው ይገናኛሉ። ፓይተንና የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃው ላቴክ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ የዕለት ሥራ ይሆናሉ። ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የሚያደርገውን ማሽን ለርኒንግ ለሚፈልጉም በፌስቡክና በጉግል ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ የተጀመረ ልዩ ማስተርስ ነበር።

ድክመቱን መደበቅ ግን አይገባም። የመጨረሻው የምርምር ጽሑፍ በጥቂት ወራት የሚጠናቀቅ ስለሆነ ከአራት ኪሎው ቴሲስ ያነሰ ነው፤ የኢትዮጵያን ችግርና የኢትዮጵያን መረጃ ይዞ ለመሥራት ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ ከሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዝናብ መዝገብ ወስዶ ለአዋሽ ተፋሰስ ሞዴል መሥራት ለሚሻ፣ ጊዜው ያጥረዋል። በዚያ ላይ ቤተሰብ ያለው ወይም ሥራውን መልቀቅ የማይችል ሰው አንድ ዓመት ሙሉ አገር ለቆ መሄድ ይቸግረዋል። ለሃያዎቹ ዕድሜ፣ በሒሳብ ወይም በፊዚክስ ጥሩ ውጤት ይዞ ለተመረቀ፣ ወደ ፒኤችዲ ለመሻገር ለሚያስብ ግን ከዚህ የተሻለ መሸጋገሪያ በቅርብ የለም።

በኢንተርኔት መማር

በዚህ ዘርፍ ስሙ በብዛት የሚነሳው የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ጆርጂያ ቴክ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሰጠው የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ነው። ተማሪው 10 ኮርሶችን ይወስዳል፤ ጠቅላላ ወጪው 7,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ ለከባድ ስሌት የሚረዳ የሃይ ፐርፎርማንስ ኮምፒውቲንግ ኮርስም አለው። በአሜሪካ የትምህርት ዋጋ ሲታይ ርካሽ ነው፤ በብር ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀድሞ 400,000 ብር አካባቢ የነበረው ክፍያ በዚያው ዓመት ክረምት ከ700,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ደመወዙ በብር የሆነ ሰው ይህን ስጋት ከክፍያው ጋር አብሮ ይሸከማል። በዶላር መክፈል የሚችል ካርድ ወይም ባንክ የሚፈቅድለት የውጭ ምንዛሪ ከሌለው ደግሞ ገና ከመነሻው ይቆማል።

ትምህርቱ የተቀዳ ስለሆነ በፈለጉት ሰዓት ይታያል፤ የአስተማሪ ረዳቶች የቀጥታ ውይይት ግን በአትላንታ ከሰዓት በኋላ ሲካሄድ እዚህ ሌሊት ነው። ፈተናውም ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ካሜራ ቁጥጥር የሚሰጥ በመሆኑ በፈተና መካከል ኢንተርኔት ወይም መብራት የማይቋረጥበት ቦታ አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። እንደኔ አስተያየት ዋናው ጉድለቱ የቅርብ አማካሪና የመመረቂያ ጥናት ማጣት ነው፤ ዲግሪው በኮርስ ብቻ ሊጠናቀቅ ስለሚችል ተማሪው ፕሮግራም በመጻፍ ቢበረታም የራሱን የምርምር ጥያቄ ሳይፈታ ሊመረቅ ይችላል። በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት በዲግሪው ዕድገት ማግኘት የሚፈልግ ሰው፣ በኢንተርኔት ለተገኘ የውጭ ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሰጥበትን ሁኔታ ከመመዝገቡ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጠይቅ።

ወደ አውሮፓ በአካል ሄዶ መማርን እዚህ በዝርዝር አላነሳሁም። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ዘርፍ ማስተርስ አለው፤ የጀርመን መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ ለቪዛ ግን በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የታገደ የባንክ ሒሳብ የዓመት የኑሮ ወጪ ማሳየት ግዴታ ነው፤ መጠኑም እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው። ያለ ስኮላርሺፕ ይህ ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነው።

ለማን የትኛው?

ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ሥራ ያለው፣ ሒሳብ የሚወድና የአገሩን ወንዝ፣ አየር ወይም ቁስ ማስላት የሚፈልግ ሰው አራት ኪሎን ይምረጥ፤ ቅድሚያውንም ለአማካሪው ይስጥ። አመልካቹ ሁለት ወይም ሦስት መምህራንን በቢሯቸው አግኝቶ አሁን ስንት ተማሪ እንደሚያማክሩ፣ የመጨረሻው ተማሪያቸው ቴሲሱን በምን ያህል ጊዜ እንደጨረሰ፣ በምን ማሽን እንዳሰላ ቢጠይቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይረዳል። በዕረፍት ቀኑ የሚማር የሶፍትዌር ባለሙያ ዕውቅናው የተረጋገጠ የግል ተቋም ይስማማዋል፤ የዶላር ገቢ ያለውና በርቀት ለውጭ ኩባንያ የሚሠራ ሰው ደግሞ ኢንተርኔቱን ቢመርጥ አያጠፋም። ወጣቱና ነጻው ምሩቅ ለኤይምስ ያመልክት፤ ጎን ለጎንም ለጋት ይዘጋጅ፣ አንዱ ቢቀር ሌላው እንዲኖረው።

ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ግን ማንኛውም አመልካች አንድ ቅዳሜና እሁድ መድቦ ከላይ የጠቀስኩትን የብረት ዘንግ ስሌት በፓይተን፣ ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ የፕሮግራም ስብስብ (ላይብረሪ) ሳይጠቀም ይጻፈው፤ ገደቡን ሆን ብሎ አልፎም ቁጥሮቹ ሲበላሹ ይመልከት። የሒሳብ መሠረቱ ያስቸገረው እንደሆነ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ሊኒየር አልጀብራን ይከልስ፤ በዚሁ ጊዜ ውስጥም ከተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ እንዲላክለት ይጠይቅ፤ ማመልከቻውን ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ይኸው ሰነድ ነውና።