የላየንስን የአውስትራሊያ ጉዞ ያየሁበት የስፖርት ማሰራጫ አገልግሎት

እ.ኤ.አ. በ2025 የብሪታኒያና አየርላንድ ላየንስ፣ ማለትም ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ የተውጣጣው የራግቢ ቡድን፣ በአውስትራሊያ ያደረገውን ጉዞ የተከታተልኩት በወርሃዊ ክፍያ በሚሠራ የስፖርት ማሰራጫ አገልግሎት ነበር። የምስሉና የድምፁ ጥራት የሚያስመሰግን ነው።

አሠልጣኙ አንዲ ፋረል ማሮ ኢቶጄን አምበል አድርጎ 38 ተጫዋቾችን ሲመርጥ የቀረበው ትንታኔ፣ በተለይም ከዌልስ 2 ተጫዋቾች ብቻ የተካተቱበትን ምክንያት በእርጋታ የመረመረው ክፍል፣ እጅግ አርክቶኛል። የፕሮፑ (የፊት መስመር ተጫዋቹ) ዛንደር ፋገርሰን ባት ተጎድቶ ፊንሌይ ቢልሃም ሲተካውም፣ በስክረም (ሁለቱ ቡድኖች ተቆላልፈው ለኳሱ በሚገፋፉበት ቅንብር) የፊት መስመር የሚሰለፍ ሰው ለቦታው በሠለጠነ ተጫዋች ብቻ መተካት እንዳለበት በሚገባ ተብራርቷል።

ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ግን አገልግሎቱ ተዳከመ። ቶሞስ ዊሊያምስ በፐርዝ ከዌስተርን ፎርስ ጋር ሲጫወት የጭኑ ጡንቻ ተጎድቶ ስኮትላንዳዊው ቤን ኋይት ሲጠራ፣ የቡድኑ ዝርዝር በወቅቱ አልታደሰልኝም፤ ለከፈለ ተመልካች ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ኤሊየት ዴሊ ክንዱ ተሰብሮ የአሠልጣኙ ልጅ ኦወን ፋረል በተጠራ ጊዜ ደግሞ ተንታኞቹ ስለ አባትና ልጅ ብቻ ተነጋገሩ። ዴሊ በኋላ መስመር በክንፍም በመሀልም የሚሰለፍ፣ ፋረል ግን በዋናነት ጨዋታ አቀናባሪ በመሆኑ፣ ምርጫው የቡድኑን ሚዛን እንዴት እንደሚለውጥ መነገር ነበረበት፤ እኔ የከፈልኩት ይህንኑ ለመስማት ነበር።

ጨዋታውን ብቻ ማየት ለሚሻ ሰው አገልግሎቱን ያለማመንታት እመክራለሁ። የምርጫውን ውስጠ ነገር ለሚከታተል ግን ገና ይቀረዋል።