ቪትዝ ላይ የጉም መብራትና ስፔሰር፦ ከ8 ወር በኋላ

መብራቱ የተገጠመው በራስ እጅ ነው፣ ስፔሰሩ (መኪናውን ከፍ ለማድረግ ሞላው ጋ የሚገባው ቁራጭ) ደግሞ ጋራዥ ውስጥ። ከ8 ወር አገልግሎት በኋላም ሥራውን እንዲህ መከፋፈሉ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት የእጅ ዋጋ ሳይሆን ስህተት ቢፈጠር የሚከተለው ነገር ነው። በደንብ የታሰበበት የመብራት መስመር ቢሳሳት ፊውዝ ይቃጠላል፤ የተጨመቀ ሞላ ቢያመልጥ ግን ሰው ይጎዳል።

መብራቶቹ ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 36 ዋት ኤልኢዲ። ድምሩ 72 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 6 አምፒር ስለሚሆን 10 አምፒር ፊውዝ፣ ባለ 4 እግር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ) እና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃዋል። ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን ኔጋቲቭ በ10 ቁልፍ ፈትቶ ነው። ከፖዘቲቩ የሚነሳው ሽቦ ከባትሪው 15 ሴንቲሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ያገኛል፤ ፊውዙ ርቆ ከተቀመጠ መሃል ላይ የተላጠ ሽቦ ቦዲ ቢነካ የሚያስቆመው የለም። ከዚያ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር እግር ይገባል፣ ከ87 ወደ መብራቶቹ ይወጣል። 86 ከማብሪያው፣ 85 ከማሳ (ከመኪናው ቦዲ) ጋር ይያያዛል። ሪሌ ትቶ መብራቱን በቀጥታ በማብሪያው ማሳለፍ ማብሪያውን ያሞቀዋል፣ ውሎ አድሮም ሊያቀልጠው ይችላል።

በ3ኛው ወር፣ ክረምቱ ሲገባ፣ የግራው መብራት መርገብገብ ጀመረ። ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት እያለ መብራቱ ጋ የሚደርሰው 12.6 ብቻ ነበር። ችግሩ የማሳው ብሎን ከቀለም ላይ መታሰሩ ነው፤ ውሃ ገባበትና ዛገ። ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ተፍቆ፣ ብሎኑ ተጠብቆ ላዩን ግሪስ ሲቀባ 13.8 ደረሰ። መጋጠሚያዎችንም በስኮች ብቻ መጠቅለል አያዋጣም፤ በሞተር ሙቀት ሙጫው ይቀልጣል። በሙቀት የሚኮማተረው ፕላስቲክ ነው የሚይዘው።

አጠቃቀሙ ላይ ወሳኙ ቦታው ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መንገድ የሚያሳየው ከፓራውልቱ ግርጌ ታስሮ ጨረሩ ወደ መሬት ያዘነበለው ነው። ከፍ ብሎ የታሰረ መብራት ጉሙን ራሱን አብርቶ ዓይን ላይ ይመልሰዋል። ለሃሎጅን በተሠራ የፊት መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መክተት ግን በባለሙያም እጅ ቢሆን አይመከርም፤ ጨረሩ ስለሚበተን ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል።

ስፔሰሩ 3 ሴንቲሜትር ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዱ መፈግፈጉ ቀርቷል፣ ጠመዝማዛ ላይ ግን መኪናው ትንሽ ይወዛወዛል። ሞላው ከሾኩ ላይ የሚወርደው በመጭመቂያ ስለሆነ ይህ ቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። ሲረከቡ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) መሠራቱን አረጋግጡ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላም ድገሙት፤ ካልሆነ የፊት ጎማ በአንድ ጎኑ ይበላል። ከፍታው የአክሱሉን አንግል ስለሚቀይር የአክሱሉ የላስቲክ ሽፋን መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ በየዘይት ቅያሪው ይታይ። ከ3 ሴንቲሜትር በላይ የሚጨምር ስፔሰር ለቪትዝ አልመክርም።

መሪው አካባቢ ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ የኤርባግ ነው፤ እሱን በሚነካ ማንኛውም ሥራ ላይ ኤሌክትሪሺያን ይከፈለው።